የልጄን ዜማ ላስቆም ናይሮቢ ሄጄ

ከናይሮቢ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «አንበሳ አየሽ ወይ?» ይለኛል። አላየሁም። ረጃጅሙን ፎቅም በመኪና መስኮት ነው ያለፍኩት። የሄድኩበት ጉዳይ ሌላ ነበር። ለአንዱ በአጭሩ፣ ለሌላው ከመሃል ጀምሬ ስነግር ነገሩ ተምታታብኝ። ስለዚህ ከተነሳሁበት ቀን እስከገባሁበት ቀን የሆነውን በተርታ ጻፍኩት።

የተጀመረው በስልክ ነው። ልጄ ብሩክ ናይሮቢ መኖር ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ሳክስፎን የሚሉትን ቆልማማ የናስ መሣሪያ ይነፋል፤ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ጃዝ ተምሯል። አንድ እሑድ ደወለልኝ።

«እማዬ፣ አልበም እየሠራን ነው። አንድ የኬንያ ሽማግሌ አለ፣ አንድ የኮንጎ ጊታር ተጫዋች አለ፣ እኔ አለሁ። እያንዳንዳችን ከእናቱ ቤት አንድ ዜማ ያምጣ ተባባልን። እኔ ያንቺን የምስር ለቀማ ዘፈን አመጣሁ።»

«የምን የምስር ለቀማ?»

አንጎራጎረልኝ። የለቀማ ዘፈን አልነበረም። ሙሾ ነው፤ ለአባቱ ያወጣሁት።

አባቱ ታደሰ በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ዘምቶ ቀረ። መንግሥት ሲለወጥ የተረፉት በእግራቸው ተመለሱ። ከነሱ አንዱ ገበያ መሃል አስቁሞኝ፣ «እህቴ፣ አትጠብቂው፤ አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለኝ። መርዶ ግን በገበያ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩተው ነው የሚያረዱት። አማቴ ደግሞ «ሬሳውን ሳላይ ለቤቴ መርዶ ይዞ የሚመጣ የተረገመ ይሁን» አሉ። ማን ይድፈር? አንድ ቤት ነበር የምንኖረው። ድንኳን ሳይተከል፣ ሳይለቀስ ቀረ። ሰፌድ ይዤ ምስር ስለቅም ብቻ ያቺን ሙሾ አፌን ዘግቼ አንጎራጉራት ነበር። ብሩክ ያኔ አሥር ዓመቱ ነው፤ አጠገቤ ሲጫወት እየሰማ የሥራ ዘፈን መሰለው። አባትህ ሞቷል ብዬው አላውቅም። አማቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ከዚያ በኋላማ ልነግረው አፈርኩ።

ያለ ለቅሶ ሙሾ ማውጣት ሟርት ነው። ሙሾው የሞተውን ካላገኘ በሕይወት ያለውን ይፈልጋል ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት። እኔ ያለኝ ልጅ ደግሞ አንድ ነው። እሱም ያንን ሙሾ በየቀኑ በሙሉ ሳንባው ይነፋዋል! በስልክ እንዳልነግረው፣ ስልኩ ያለው ጎረቤቴ ሳሎን ውስጥ ነው፤ አራት ሰው ተቀምጦ ይሰማል።

«መቼ ነው የምትቀርጹት?» አልኩት።

«ሰኞ ሳምንት። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮው ለሌላ ሰው ተይዟል።»

«ሳልመጣ እንዳትነኩት!»

ዘፈኑን ልመርቅለት የምመጣ መስሎት በደስታ ጮኸ። ትኬቱንም ላከልኝ።

ረቡዕ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ተነሳሁ። ፓስፖርቴን በመሃረብ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ከትቼዋለሁ። ጫጫ ላይ ነካሁት፣ አለ። ሸኖ ላይ ነካሁት፣ አለ። ሰንዳፋ ላይ ነካሁት፣ የለም። ጮህኩ። ሾፌሩ ጥግ ይዞ አቆመና ወንዶቹን በሙሉ አስወረደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘርግተው ከለሉኝና ስፈታታ መቀነቴ ውስጥ ተንሸራቶ ገብቶ ተገኘ። «እማማ፣ ይሄን ያህል የሚጠበቀውማ ባል ነው» አለ ሾፌሩ፣ ሁሉም ሳቁ። እኔም ለወግ ያህል ሳቅሁ። ኮተቤ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ምስር ወጥ አቀረበችልኝ፤ ጉርሻው አልወርድ አለኝ።

ሐሙስ በአውሮፕላን ተሳፈርኩ። ቀበቶውን አንዴ ካሰርኩ በኋላ ናይሮቢ እስክንደርስ አልፈታሁም። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ለመድረስ ከዚያ በላይ ፈጅቶብኛል፤ ሌላ አገር እንዲህ ቅርብ መሆኑ ራሱ አስፈራኝ። እዚያ እንደደረስኩ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፈተና በርበሬውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሦስት ጊዜ በኃይል አስነጠሰው። «አለቀልኝ፣ ልታሰር ነው» ብዬ እጄን አጣመርኩ። እሱ ግን እንባውን ጠርጎ እየሳቀ «ካሪቡ ማማ» አለኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ነው።

ብሩክ ከስቷል። አቅፌው የጀርባውን አጥንት ቆጠርኩ። «መሣሪያው ነው እንዴ የሚጨርስህ?» ስለው ይስቃል። ታክሲው ጋ ስንደርስ የፊተኛውን በር ከፍቼ ልገባ ስል መሪው ፊቴ ተደቀነ። ሾፌሩ አንድ ነገር ተናግሮ ብሩክ ሆዱን ያዘ። «እማዬ፣ አንቺ ልትነጂ ነው ወይ እያለ ነው።» የነሱ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። ከፊት የሚመጣው ሁሉ እላያችን ላይ የሚወጣ እየመሰለኝ እስከ ቤት ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ።

ቤቱ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር ነው፣ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል። በሩ ብረት፣ መስኮቱ ብረት፣ ደረጃው ሥር ሌላ ብረት። የኛ በር በእንጨት መሸጎሪያ ይዘጋል፣ ሌባም ገፍቶት አያውቅም። ሦስቱንም መቆለፊያ ደጋግሜ ሞከርኩ። ፊት ለፊት ያለው ቤት ትዕግሥት የምትባል ሴት ከባሏ ከአቶ መኮንን ጋር ትኖራለች። አቶ መኮንን የውጭ ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ትዕግሥት ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። «እትዬ ወርቅነሽ፣ የናይሮቢ ብርድ እንዳያታልልዎት» አለችኝ። የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ ብርዱ ለኔ የፋሲካ ሰሞን አየር ነበር። እንዳይከፋት ለበስኩት።

ለብሩክ ያን ዕለት ልነግረው ነበር። አፌን ስከፍት «ድካሙ ይውጣልሽ፣ ነገ ስቱዲዮ ትሰሚዋለሽ» አለኝ። ዓይኑ እንደ ልጅ ይበራል። ለነገ አሳደርኩት።

ዓርብ ስቱዲዮው ወዳለበት ሰፈር፣ ዌስትላንድስ፣ ወሰደኝ። መኪናው ተጣብቆ፣ የምናልፈው መንገድ በእግር ቢሆን ግማሽ ሰዓት የማይፈጀው፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ስቱዲዮው ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ክፍል ነው፤ «እንደምን አደራችሁ» ያልኩትን ድምፅ ወዲያው ዋጠው። ሽማግሌው ምዜ ኦንያንጎ ይባላሉ፤ ምዜ እንደኛ «ጋሼ» ነው። መሣሪያቸው ክራር ይመስላል፣ ግን ስምንት አውታር አለው፤ ኛቲቲ ይሉታል። አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በእግር ጣታቸው ባጠለቁት የብረት ቀለበት እንጨቱን ይመታሉ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቃጭል አስረዋል። ሲያዩኝ ብድግ ብለው «ማማ ብሩክ» አሉኝ። እዚያም እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፣ ልክ እንደኛ ሰፈር።

ከሳቸው አገር ሐይቅ የመጣ የተጠበሰ ዓሣ አቅርበውልኝ ነበር። ዓርብ ነውና ዓሣ አልነካም፤ ብሩክ ሊያስረዳቸው ቢሞክርም የተቀየምኩ መስሏቸው ሳህኑን ሦስት ጊዜ ወደኔ ገፉት። እንዲህ ስንገፋፋ ብሩክ መሣሪያውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ።

«ይሄ ላንቺ ነው» አለና ነፋው።

ያን ያህል የሚጮህ አልመሰለኝም ነበር። አፌን ዘግቼ፣ ለራሴ ብቻ ያወጣኋት ነገር በዚያ ናስ ውስጥ ገብታ፣ ክፍሉን ሞልታ እዬዬ አለች። መጨረሻውን አልጠበቅሁም። ብድግ ስል እግሬ ሽቦ ያዘው፤ የማይክሮፎኑ ማቆሚያ ተገነደሰ። በበሩ ሮጬ ግቢ ወጣሁ። ዘበኛው ደንግጦ የራሱን ወንበር ሰጠኝ።

ቃጭሉ እየተሰማ ምዜ ተከትለውኝ መጡ። ብሩክ ከኋላቸው ነው። ፊቴን ሲያዩ ቆዩና በዝግታ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

ብሩክ አመነታ። «ማነው የሞተው? እያሉ ነው። እኔ የሥራ ዘፈን ነው ስላቸው፣ ዕድሜዬን በሙሉ ለቅሶ ቤት የተጫወትኩ ሰው ነኝ፣ ይሄን እጄ ያውቀዋል አሉኝ። ገና ዜማውን ያመጣሁ ቀን ነው እንዲህ ያሉኝ።»

ተነስቼ ወደ መኪናው ሄድኩ። እሱም መሣሪያውን ይዞ ተከተለኝ።

ቤት ገብተን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጎመን እየከተፍኩ ጀርባዬን ሰጥቼው ነገርኩት። ፊቱን እያየሁ አልችልም ነበር። ገበያ ላይ ያስቆመኝን ወታደር፣ አያቱ የተናገሩትን፣ ሰፌዱን፣ ሁሉን። «ስለዚህ ያንን ዜማ ተወው፤ አንተን እንዳይጠራብኝ» አልኩት።

ከዚያ «እማዬ፣ እኔኮ አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«አባዬ እንደሞተ። አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ነገረኝ። የቀበረው የልጁ አባት ነው አሉ። አንቺ የማታውቂ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። እየጠበቅሽው መስሎኝ።»

ቢላውን አስቀመጥኩት። እኔ ለሱ ብዬ ስደብቅ፣ እሱ ለኔ ብሎ ሲደብቅ ኖረናል፣ አንድ ማዕድ እየበላን።

«እተወዋለሁ» አለ። «የአልበሙ መክፈቻ እሱ ነበር። ግን እተወዋለሁ።»

የመጣሁበት ጉዳይ አለቀ ማለት ነው። እፎይ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ስመላለስ መሸ።

ቅዳሜ ትዕግሥት እንድረጋጋ ብላ ገበያ ወሰደችኝ፣ በማታቱ። ማታቱ የኛ ሚኒባስ ነው፣ ግን ሙዚቃው ደረት ይደበድባል፣ ሲያወርድም ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ረዳቱ «ውረጂ! ውረጂ!» በሚል ዓይነት እጁን ሲያርገበግብ ዘለልኩ፤ አንድ እግር ጫማዬ ሄደ። ባዶ እግሬን ቆሜ ሳለ፣ ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮ የራሷን ነጠላ ጫማ አውልቃ ከፊቴ አኖረችልኝና እየሮጠች ማታቱውን ተከተለች። መብራት ላይ ደርሳበት ጫማዬን ይዛ ተመለሰች። ስሟን እንኳ አላወቅሁም። ሙዝ ልግዛ ብላት አንድ መርቃ ጨመረችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ምዜ ኦንያንጎ እቤት መጡ። ብሩክ ሁሉን ነግሯቸዋል። ሻይ ከወተት ጋር አፍልቼ፣ ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ ትዕግሥት አምጥታ፣ ተቀመጥን። እሳቸው እየተናገሩ ብሩክ ይተረጉማል።

«በኛ አገር» አሉ፣ «ሰው ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ወይም ጦር ሜዳ ቀርቶ ሬሳው ሲጠፋ፣ ያጎ የሚባል ዛፍ አለ፣ ፍሬው ረጅም ነው፣ እሱን ገንዘን እንቀብራለን። ሬሳ የለም ብሎ ሳያለቅሱ መቅረት የለም። እናንተስ?»

«እኛም ልብሱን፣ ፎቶውን አውጥተን እናለቅሳለን። ግን መጀመሪያ መረዳት አለ» አልኩና የመርዶን ሥርዓት ነገርኳቸው።

«አንቺን ማን አረዳሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አልሰማሽም» አሉ፣ ሻያቸውን እየጠጡ። «ወሬ ነው የሰማሽው።»

ሲሄዱ ከብሩክና ከአቶ መኮንን ጋር ደረጃው ላይ ረጅም ጊዜ ቆመው ተንሾካሾኩ። «በስንት ሰዓት?» ሲባል ምዜ በስዋሂሊ መለሱ፤ አቶ መኮንን «አሥራ ሁለት» ብለው ደገሙት። የነሱም ሰዓት እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጠረው። የምን ቀጠሮ ነው ብዬ ብጠይቅ ብሩክ «የሥራ ነው» አለኝ። አላመንኩትም፤ ሦስቱን መቆለፊያ አይቼ ተኛሁ።

እሑድ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ብሩክ ከፈተ። አቶ መኮንን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ትዕግሥት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ምዜ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከኋላቸው የማላውቃቸው አራት አምስት የኛ አገር ሰዎች። ብሩክ ከነሱ ጋር ቆመ። ገባኝ።

አቶ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ ወርቅነሽ» አሉ፣ «ሰው ለሰው ነው የተፈጠረ፤ ደስታም ኀዘንም የእግዜር ነው። ባለቤትዎ አቶ ታደሰ ከዘመቱበት አርፈዋል። ይወቁት። ያልቅሱ።»

አሥራ ስድስት ዓመት የማውቀውን ነገር ነው የነገሩኝ። ቢሆንም ያን ጊዜ የሰማሁት ያህል ጮህኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከጉሮሮዬ የሚወጣ መሆኑን አላውቅም ነበር። ብሩክ እግሬ ሥር ወድቆ እንደ አሥር ዓመት ልጅ አለቀሰ። ከላይ ፎቅ ያሉት ኬንያውያን ጎረቤቶች ምን ደረሰ ብለው በሌሊት ልብሳቸው ወረዱ፤ ሲነገራቸው ሄደው ወንበር እየተሸከሙ መጡ።

ቀኑን ሙሉ ተለቀሰ። ትዕግሥት ቀድማ «እትዬ፣ እኛ ጴንጤዎች ሙሾ አንልም፤ እርስዎ ይበሉ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። እንዳለችውም ከጎኔ ሳትነሳ ዋለች። ታደሰን፣ አካሄዱን፣ ቀበሌ ሲሰበሰብ ከኋላ ቆሞ የሚቀልደውን፣ ሁሉን ጠራሁት። ምዜ ኛቲቲያቸውን አምጥተው በር ላይ ተቀምጠው በቀስታ ይመቱ ነበር። ብሩክ ግን መሣሪያውን ከሳጥኑ አላወጣም።

ሰኞ ጠዋት «ስቱዲዮ ሂዱ» አልኩ። ድምፄ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል፤ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው።

«ሌላ ዜማ አለኝ፣ ያንን ትቼዋለሁ» አለ ብሩክ።

«አትተወው። ትናንት ሙሾው ባለቤቱን አግኝቷል። ከእንግዲህ ማንንም አይፈልግም።»

እኔም አብሬ ሄድኩ። ሽቦውን በጥንቃቄ ተሻግሬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ምዜ በጣታቸው ቀለበት እንጨቱን መታ መታ አደረጉ፣ ኮንጎዬው በጊታሩ በዝግታ ገባ፣ ብሩክ ነፋ። በዚህ ጊዜ አልሸሸሁም። ሰማሁት፣ ሰማሁትና መሃል ላይ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

እጄን አነሳሁ። ብሩክ አቆመ።

«ለምን እዚያ ላይ ትቆማለህ?»

«እዚያ ላይ ነዋ የሚያልቀው።»

«አያልቅም።»

«እማዬ፣ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነበር የምታቆሚው።»

አሰብኩት። እውነቱን ነው። አማቴ በጓዳ በኩል ሲመጡ ኮቴያቸውን ስሰማ አቆም ነበር። እሳቸው የማይመጡበት ቀን አልነበረም። ልጄ ግማሹን ሰምቶ፣ ሙሉ መስሎት፣ አገር አቋርጦ ይዞት ሄዷል። ጠጋ አልኩና በዚያ በጠፋ ድምፅ ጆሮው ሥር ጨረስኩለት፤

*መጣ ሲሉኝ ቆሜ፣ ቀረ ሲሉኝ ቆሜ፣*
*እንባዬን ሰፌድ ላይ ከምስሩ ጋር ለቅሜ።*

«ግጥሙንም መጨረሻውንም ሰምቼው አላውቅም» አለ።

«ማንም አልሰማውም።»

ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ዞሮ ነገራቸው፤ ምዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ተጀመረ። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። አለፈው። ወረደ፣ ወረደና መሬት ሲነካ ተኛ። ከመስታወቱ ማዶ ያለው ቀራጭ አውራ ጣቱን ሲያነሳ አየሁ። «ስሙን ማን እንበለው?» አለኝ ብሩክ። «ታደሰ» አልኩት።

ማክሰኞ ብሩክ ሥራው ስላለቀ አብሮኝ ተሳፈረ። ፓስፖርቴን እሱ ይያዘው ብዬ ሰጠሁት፤ አዲስ አበባ እስክንገባ አንዴም አልጠየቅሁትም። አቶ መኮንን ወደ ጎረቤቴ ስልክ መደወላቸውን አልነገሩኝም ነበር።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ገባን። በሰፈራችን መታጠፊያ ስንዞር ደጄ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ መብራት ተስቦ አየሁ። ወንዶቹ ቆመዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዳቸውም ምን ሆነ፣ መቼ ሆነ ብለው አልጠየቁኝም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ፣ ከታደሰ ጋር አብረው ያደጉት፣ ከፊት ወጡና ክንዴን ያዙኝ።

«ወርቄ» አሉኝ፣ «ምነው እንዲህ አዘገየሽን?»